በሌይአውት ውስጥ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ስትሪንግ ፋይል ማውጣት፦ አፑ ሳይበላሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድሮይድ አፕ የሚሠሩ ልጆች ላፕቶፓቸውን ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ የማየው አንድ ችግር አለ። አፑ በአማርኛ አልቋል፣ ይሠራል። ከዚያ ባለሱቁ «አቦ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛም ይጨመርበት» ይላል። ሌይአውቱ (የስክሪኑን አቀማመጥ የያዘው ፋይል) ሲከፈት እያንዳንዱ ቃል እዚያው በጥቅስ ምልክት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ልጁ በአንድ ሌሊት ልቀይረው ብሎ ይጀምራል፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ አፕ መቀየሩ) እምቢ ይላል፣ ፕሮጀክቱ በቀይ መስመር ይሞላል፣ ሲነጋ ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሰዋል።

ሥራው ጽሑፉን ከሌይአውቱና ከኮዱ አውጥቶ ጽሑፍ ብቻ ወደሚቀመጥበት ፋይል፣ ወደ ስትሪንግ ፋይሉ፣ ማስገባት ነው፤ ከባድ አይደለም። የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ከነወጥመዶቹ አስቀምጣለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮድ ቃላቱን እዚህ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገቡ ግን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው። ምልክቶቹ (@ / % \ _) እንዳሉ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኮዱን አስቀምጡ። መጀመሪያ ፕሮጀክቱ አሁን ባለበት ሁኔታ ቢልድ ማድረጉን አረጋግጡ። አሁኑኑ ኤረር ካለው እሱን ፈቱ፤ አለበለዚያ ነገ የትኛው ኤረር የድሮ፣ የትኛው የአዲስ እንደሆነ መለየት አትችሉም። ከዚያ ጊት (የኮዱን የየጊዜውን ቅጂ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ኮሚት አድርጉና (ያለበትን አስቀምጡና) አዲስ ብራንች (ለብቻው የሚሠራበት ቅርንጫፍ) ክፈቱ። አንድ ስክሪን በጨረሳችሁ ቁጥር ደግሞ ኮሚት አድርጉ። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ወይም አንድ ነገር ቢበላሽ የሚጠፋባችሁ የአንድ ስክሪን ሥራ ብቻ ይሆናል።

ዲፎልት ቋንቋውን ወስኑ። «ሬስ» ፎልደር ውስጥ ስትሪንግ ፋይሉ የሚኖርበት «ቫልዩስ» የሚባል ፎልደር አለ። በስሙ ላይ የቋንቋ ምልክት የለውም። አንድሮይድ የስልኩን ቋንቋ አፑ ውስጥ ካላገኘ የሚሄደው ወደዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቀመጠው የስልኩ ቋንቋ አፑ ውስጥ ለሌለ ሰው ሁሉ የሚታየው ነው። እኔ ለድሬ ሱቆች ስሠራ እዚህ የማስቀምጠው አማርኛ ነው። ምክንያቱም የማውቃቸው ነጋዴዎች ስልካቸው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እንግሊዝኛውን አያነቡትም፣ አዶውን አይተው ነው የሚነኩት። አፑ ከአገር ውጭ ላለ ሰው ጭምር ከሆነ ግን ዲፎልቱን እንግሊዝኛ አድርጉ፣ አማርኛው የራሱ ፎልደር ይኑረው። መሃል ላይ ሐሳብ መቀየር ብዙ ሥራ ያስደግማል፤ ዛሬ ወስኑ።

የቃላት ዝርዝር ያዙ። ይኼን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በአንድ ወረቀት ላይ አፑ ውስጥ የሚደጋገሙትን ሃያ ሠላሳ ቃላት ጻፉና ቀፊራ ወይም አሸዋ ገበያ ሄዳችሁ አፑን የሚጠቀመውን ሰው ጠይቁ። «ብድር» ነው የሚለው ወይስ «ዱቤ»? ሶማሊኛ የሚናገረው ነጋዴስ ምን ይለዋል? ኦሮምኛውስ? ቃሉ ከሰው አፍ ከመጣ በኋላ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ቀላል ነው።

1. ጽሑፉ የት የት እንዳለ ማግኘት

አይናችሁን አትመኑ። ስክሪኑን አይታችሁ የምታገኙት የሚታየውን ብቻ ነው፤ የኤረር መልእክት፣ ባዶ ዝርዝር ላይ የሚወጣ ጽሑፍ፣ ለማየት ለሚቸገር ሰው የሚነበበው የምስል መግለጫ፣ እነዚህ ተደብቀው ነው የሚኖሩት።

የእኛ ጽሑፍ በፊደል መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ ተጫኑ። የመፈለጊያው ሳጥን ይከፈታል። ሬጌክስ የሚለውን ምልክት አብሩና ይኼን ጻፉ፦

[ሀ-፼]

ይኼ ማለት ከ«ሀ» እስከ «፼» ያለ ማንኛውም ፊደል ማለት ነው። ፕሮጀክቱ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይወጣል፦ ሌይአውት ውስጥ ያለው፣ ሜኑ ውስጥ ያለው፣ ማኒፌስት ላይ ያለው የአፑ ስም፣ ኮትሊን (አፑ የሚጻፍበት የኮድ ቋንቋ) ፋይል ውስጥ የተቀበረው። ኮመንቶችም ይመጣሉ፤ እለፏቸው። ዝርዝሩን አትዝጉት፣ መጨረሻ ላይ ስለምንመለስበት።

በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቁልፎች ካሏችሁ ይኼ ፍለጋ አያገኛቸውም። ለእነሱ ከ«ኮድ» ሜኑ ውስጥ «ራን ኢንስፔክሽን ባይ ኔም» የሚለውን ምረጡና «ሃርድኮድድ ቴክስት» ብላችሁ ጻፉ። ሊንት (አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው የስህተት መፈተሻ) የሌይአውት ፋይሎቹን ያስሳል። ቶስትና ዳያሎግ (ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉ መልእክቶች) ውስጥ በኮድ የተጻፈውን ግን በእጃችሁ መፈለግ አለባችሁ።

2. የማይነካውን መለየት

እዚህ ቆም በሉ። ከሁሉም ደረጃ በላይ ሰው የሚጎዳው ይኼን ሲዘል ነው።

ኮዱ ውስጥ ካለው ጽሑፍ ሁሉ ለሰው የሚታይ አይደለም። አንዳንዱ ኮዱ ራሱ የሚያወዳድረው ነው። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለአንድ የልብስ ሱቅ የሠራሁት አፕ ነበር። ትእዛዝ ሲከፈል ዳታቤዙ ውስጥ «ተከፍሏል» ብዬ አስቀምጥ ነበር፤ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ሁኔታው «ተከፍሏል» ከሆነ አረንጓዴ አድርገው የሚል ኮድ ነበረኝ። ሁለቱንም ወደ ስትሪንግ ፋይል አወጣኋቸው፣ ሶማሊኛ ትርጉም ጨመርኩ። ስልኩ ወደ ሶማሊኛ ሲቀየር ኮዱ የሶማሊኛውን ቃል ከድሮው የአማርኛ መዝገብ ጋር ማወዳደር ጀመረ፣ በእርግጥ አይገናኙም። የተከፈሉ ትእዛዞች ሁሉ ያልተከፈሉ ሆነው ታዩ። ባለሱቋ ከፍሎ የጨረሰ ደንበኛዋን ደውላ ገንዘብ ጠየቀችው። እሷን ሰው ፊት እንድታፍር ያደረጋት የእኔ ኮድ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ፦

ከ«==» ምልክት አጠገብ ወይም «ዌን» ውስጥ የተጻፈ አማርኛ ካለ ወደ ስትሪንግ ፋይል አታውጡት። በምትኩ የማይለወጥ መለያ ስጡት፤ ኢነም (ኮዱ ውስጥ የተወሰነ የስም ዝርዝር) ወይም ቁጥር ይሁን። ዳታቤዙ መለያውን ይያዝ። ቃሉ የሚመጣው ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ዳታቤዙ ውስጥ ድሮ በቃል የተቀመጠ መዝገብ ካለ መጀመሪያ እሱን ወደ መለያ የሚቀይር ማይግሬሽን ጻፉ። ይኼ ሳይደረግ አዲሱን ስሪት ለሰው አትስጡ።

የሱቅ ስልክ ቁጥር፣ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የማይተረጎም የንግድ ስም ካለ ስትሪንግ ፋይሉ ውስጥ ይግባ፣ ግን «ትራንስሌተብል» የሚለውን «ፎልስ» አድርጉት። ሊንት ትርጉሙ ጎደለ ብሎ አያስቸግራችሁም።

3. ስም አወጣጥ

ስሙን አንድሮይድ ስቱዲዮ እንዲያወጣላችሁ አትተዉት። ትንሹን የላቲን ፊደል፣ ቁጥር እና ታችኛ ሰረዝ (_) ብቻ ተጠቀሙ። በቁጥር አትጀምሩ፣ ክፍት ቦታ አታስገቡ፣ በፊደላችንም ስም አታውጡ።

እኔ የምከተለው መንገድ መጀመሪያ ስክሪኑ፣ ከዚያ የነገሩ ዓይነት፣ መጨረሻ ላይ ሥራው ነው። ለምሳሌ «ኦርደር_በተን_ፔይ»። ስሙን ያየ ሰው ጽሑፉ የት እንዳለ ያውቃል። «ቴክስት1»፣ «ቴክስት2» እያሉ መሄድ ከሁለት ወር በኋላ ራሳችሁን ያሳስታል፤ ተርጓሚው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሳሳታል።

ሌላው ስህተት አንድ ዓይነት ቃል ስላየን ብቻ አንድ ስም ለሁለት ቦታ መጠቀም ነው። የልብስ ሱቁ አፕ ላይ «መጠን» የሚል ጽሑፍ ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ የሸሚዙ ቁጥር ነው። ሌላው ስንት ሸሚዝ እንደታዘዘ ነው። በአማርኛ አንድ ቃል ይበቃል፣ በሌላው ቋንቋ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሁለት ስም ስጧቸው። «ሰርዝ» ወይም «እሺ» የመሳሰሉ በየስክሪኑ አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ቁልፎች ብቻ በጋራ ስም ቢኖሩ አይከፋም።

4. ከሌይአውት ማውጣት

በአንድ ጊዜ አንድ ሌይአውት ፋይል ብቻ ክፈቱ። ከዚያ፦

ሀ. ጠቋሚውን በጥቅሱ ውስጥ ባለው ጽሑፍ ላይ አድርጉ። ለምሳሌ «ይክፈሉ» የሚለው ላይ።

ለ. አልት እና ኢንተር ተጫኑ። ማክ ላይ ከሆናችሁ ኦፕሽን እና ኢንተር ነው።

ሐ. ከሚመጣው ዝርዝር «ኤክስትራክት ስትሪንግ ሪሶርስ» የሚለውን ምረጡ።

መ. ስሙን ራሳችሁ ጻፉ። ከሥር የፎልደሮች ዝርዝር አለ። «ቫልዩስ» የሚለው ብቻ ምልክት ይኑረው።

ይኼን የመጨረሻውን አትዝለሉ። የሶማሊኛ ፎልደር ቀድማችሁ ከከፈታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ እሱም ይታያል። ምልክት ካደረጋችሁበት አማርኛው ሶማሊኛው ፋይል ውስጥ ይገባል። ሊንት ደግሞ ትርጉም አለ ብሎ ዝም ይላል። የሶማሊኛ ተጠቃሚው ስክሪን ላይ መሃል ለመሃል አማርኛ ብቅ ሲል ነው የምታውቁት።

ሠ. እሺ በሉ። ጥቅሱ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቶ በምትኩ @ስትሪንግ/ኦርደር_በተን_ፔይ የሚል ይተካል።

ከ«ቴክስት» ሌላ «ሂንት»፣ «ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን» እና ሜኑ ፋይሎች ውስጥ ያለው «ታይትል» ላይም ይኼንኑ ድገሙ።

ስክሪኑን ለማየት ያህል ብቻ ያስገባችሁት የውሸት ጽሑፍ ካለ፣ ለምሳሌ የደንበኛ ስም የሚመጣበት ቦታ ላይ የተጻፈ ስም፣ እሱ ስትሪንግ ፋይል ውስጥ አያስፈልግም። መጀመሪያው ላይ ያለውን «አንድሮይድ» የሚለውን ወደ «ቱልስ» ቀይሩት። ዲዛይኑ ላይ ይታያል፣ አፑ ውስጥ ግን አይገባም።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ስትሪንግ ፋይሉን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። እኔ ይኼን ስሠራ ሁልጊዜ የማገኘው ነገር አለ፦ አንዱ ስክሪን «ይክፈሉ» ይላል፣ ሌላው «ክፈል»፣ ሦስተኛው «ክፈሉ»። ተበታትኖ ሳለ አይታይም፣ አንድ ላይ ሲቀመጥ ግን ያስታውቃል። እርስዎ ከሆነ ሁሉም እርስዎ ይሁን። የአፑን ትልቅ ሰው አክባሪነት የምታስተካክሉት እዚህ ነው።

5. ኮድ ውስጥ ያለውን ማውጣት

አክቲቪቲ ወይም ፍራግመንት (ስክሪኑን የሚመራው ኮድ) ውስጥ «ጌትስትሪንግ» የሚለውን ፈንክሽን ትጠቀማላችሁ፣ የምትሰጡት ደግሞ የስትሪንጉን መለያ፣ አር.ስትሪንግ ብሎ የሚጀምረውን ነው። ኮምፖዝ (ስክሪኑ ያለ ሌይአውት ፋይል በኮትሊን የሚሠራበት መንገድ) ከሆነ «ስትሪንግ ሪሶርስ» የሚለው ነው። እዚህ አራት ነገሮች ሰው ያስቸግራሉ።

አንደኛ፣ መለያውን ከጽሑፍ ጋር በመደመር ምልክት ማያያዝ። መለያው ቁጥር ነው። ስክሪኑ ላይ በ213 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካያችሁ «ጌትስትሪንግ» ረስታችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «ሴትቴክስት» ውስጥ ባዶ ቁጥር መስጠት። አምስት እቃ አለ ብላችሁ 5 ብቻ ስትሰጡት አንድሮይድ የሪሶርስ መለያ ይመስለዋል፣ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል፣ አፑ ክራሽ ያደርጋል። ቁጥሩን መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት።

ሦስተኛ፣ አክቲቪቲው ክላስ አናት ላይ ቫርያብል አውጃችሁ እዚያው «ጌትስትሪንግ» መጥራት። አክቲቪቲው ገና አልተዘጋጀም፣ ስለዚህ ስክሪኑ ሳይከፈት ይወድቃል። «ኦንክሪኤት» ውስጥ አስገቡት ወይም «ባይ ሌዚ» በሉት።

አራተኛ፣ ቪውሞዴል (የስክሪኑን መረጃ የሚይዘው የኮድ ክፍል) ውስጥ የተዘጋጀ ጽሑፍ ማስቀመጥ። ተጠቃሚው ቋንቋ ሲቀይር ስክሪኑ እንደገና ይሠራል፣ ቪውሞዴሉ ግን ይቆያል፤ ስለዚህ የድሮው ቋንቋ እዚያው ይቀራል። መለያውን ብቻ ያዙና ስክሪኑ ራሱ ወደ ጽሑፍ ይቀይረው።

6. የሚቀጣጠሉ ዓረፍተ ነገሮችና ብዛት

«ከ» ሲደመር ሰፈር፣ ሲደመር « ወደ »፣ ሲደመር ሌላ ሰፈር። ከሳቢያን ወደ ከዚራ። በአማርኛ ያምራል። በኦሮምኛ ግን «ከ» የሚለው ከቦታው ስም በፊት ሳይሆን በኋላ ነው የሚመጣው። በመደመር ምልክት የተቀጣጠለ ዓረፍተ ነገር በምንም ተአምር አይተረጎምም።

መፍትሔው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አንድ ስትሪንግ ማድረግ ነው፦

ከ%1$ኤስ ወደ %2$ኤስ

«ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ይገባል ማለት ነው፤ ለቁጥር «ዲ» ነው። 1 እና 2 ማለት ደግሞ ከኮዱ የሚመጣው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ነገር ነው። ተርጓሚው ቦታቸውን እንደ ቋንቋው ሊያቀያይራቸው ይችላል። ቁጥሮቹን አትተዉ። አንድ ነገር ብቻ ቢኖርም 1 ብላችሁ ጻፉ፣ ነገ ሁለተኛ ሲጨመር አትቸገሩም።

ለብዛት «ፕሉራልስ» የሚባል አለ። «ዋን» እና «አዘር» የሚሉ ሁለት መስመሮች ትጽፋላችሁ፦ አንዱ ለ«ትእዛዝ»፣ ሌላው ለ«ትእዛዞች»። እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ የራሱ ነገር አለው። በአማርኛ ሕግ አንድሮይድ «ዋን» የሚለውን የሚጠቀመው ለ1 ብቻ አይደለም፣ ለ0ም ጭምር ነው። እንግሊዝኛ ላይ እንዲህ አይደለም። ስለዚህ «ዋን» መስመር ላይ «አንድ አዲስ ትእዛዝ» ብላችሁ በቃል ከጻፋችሁ፣ ስልኩ በአማርኛ ሆኖ ምንም ትእዛዝ ሳይኖር ስክሪኑ «አንድ አዲስ ትእዛዝ» ይላል። ባለሱቁ የሌለ ትእዛዝ ሲፈልግ ይውላል። ሁልጊዜ ቁጥሩን በ%1$ዲ አስገቡት። ለ0 «አዲስ ትእዛዝ የለም» የሚል ለብቻው ስትሪንግ ጻፉና ኮዱ ላይ መጀመሪያ 0 መሆኑን ፈትሹ። «ዜሮ» የሚል መስመር ፕሉራልሱ ውስጥ ብትጨምሩ ለአማርኛ አይሠራም።

«ጌት ኳንቲቲ ስትሪንግ» ስትጠሩ ደግሞ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ስጡ። አንዱ መስመሩን ለመምረጥ ነው፣ ሌላው ጽሑፉ ውስጥ ለመግባት። አንዴ ብቻ ከሰጣችሁ ስክሪኑ ላይ የፐርሰንት ምልክቱ እንዳለ ይወጣል።

7. የሚያስቸግሩ ምልክቶች

አማርኛ ብቻ ሲሆን ይኼ ክፍል ብዙም አይነካችሁም። አራት ነጥብም ሆነ ነጠላ ሰረዝ ችግር የለባቸውም። ችግሩ የሚመጣው ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሲገባ ነው። ኦሮምኛ ላይ ሁዻ የሚባለው ነጠላ ጭረት በጣም ብዙ ቃላት ውስጥ አለ፣ «ብዛት» የሚለው ቃል ራሱ ሁዻ አለው። ሶማሊኛም ይጠቀምበታል። ስትሪንግ ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ይኼ ጭረት ልዩ ትርጉም አለው፤ እንዲሁ ከተጻፈ ወይ ቢልዱ ይቆማል ወይ ጭረቱ ስክሪኑ ላይ ጠፍቶ ቃሉ ይበላሻል። የቋንቋው ባለቤት ሲያየው ያዝናል፣ ልክም ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭረት በፊት ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ አስገቡ፦ \' ። ተርጓሚው በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ጽሑፉን ከላከላችሁ ስልኩ ጭረቱን ወደ ጠማማ ጥቅስ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ጠማማው ቢልዱን አያቆምም፣ ግን አንዱ ቃል ላይ ቀጥ ያለ ሌላው ላይ ጠማማ ሆኖ ይቀራል። ሁሉንም በአንድ ዓይነት አስተካክሉ።

የእና ምልክት (&) ካለ በቀጥታ አይጻፍም፣ ኤክስኤምኤል የሚቀበለው የራሱ አጻጻፍ አለው፦ ምልክቱ ራሱ፣ ኤኤምፒ፣ ከዚያ ነጠላ ነጥብ ያለው ኮማ (;)። «እና» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ፐርሰንት ላይ ተጠንቀቁ። ስትሪንጉ ከኮድ ነገር የሚገባበት ከሆነ «10%% ቅናሽ» ብላችሁ ሁለት ጊዜ ጻፉ። ምንም የማይገባበት ከሆነ አንዴ ብቻ።

መጨረሻ ላይ ያለ ክፍት ቦታ ይጠፋል። «ጠቅላላ፦ » ብላችሁ ቁጥሩን በኋላ ለመቀጠል ካሰባችሁ ይጣበቃል። ወደ ስድስተኛው ደረጃ ተመለሱና ቁጥሩን ውስጡ አስገቡት።

8. ሌሎቹን ቋንቋዎች መጨመር

እስካሁን ቋንቋ አልጨመርንም፣ ሆን ብለን ነው። ዲፎልቱ ሙሉ ሆኖ፣ ቢልድ አድርጎ፣ ኮሚት ከተደረገ በኋላ ብቻ ነው ይኼ የሚጀመረው።

ስትሪንግ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ኦፕን ትራንስሌሽንስ ኤዲተር» በሉ። የአለምን ምልክት ተጭናችሁ ቋንቋ ጨምሩ። የሶማሊኛ ፎልደር «ቫልዩስ-ኤስኦ» ነው፣ የኦሮምኛ «ቫልዩስ-ኦኤም»፣ ዲፎልቱን እንግሊዝኛ ካደረጋችሁ ደግሞ የአማርኛ «ቫልዩስ-ኤኤም»። ሐረር ሆናችሁ ሐረሪኛ ማስገባት የምትፈልጉ ደግሞ የቋንቋው መለያ ሦስት ፊደል ስለሆነ ፎልደሩን በእጃችሁ ክፈቱት፦ «ቫልዩስ-ቢ+ኤችኤአር»። የመደመር ምልክቱ የስሙ አካል ነው። ጁገል ውስጥ ላሉ ሱቆች የሚሠራ አፕ በሐረሪኛ ሲከፈት ማየት እመኛለሁ፣ በቴክኒክ በኩል የሚከለክል ነገር የለም።

አማርኛን ዲፎልት ካደረጋችሁ ስትሪንግ ፋይሉ አናት ላይ «ሪሶርስስ» የሚለው ላይ ቱልስ:ሎኬል ብላችሁ ኤኤም ስጡት። አለበለዚያ መሣሪያው ዲፎልቱ እንግሊዝኛ ይመስለዋል።

ትርጉም ያልተገኘለትን ስትሪንግ ባዶ አድርጋችሁ አታስገቡ። ከፋይሉ ጨርሶ ይቅር። ከሌለ አንድሮይድ ዲፎልቱን ያሳያል፤ ባዶ ሆኖ ካለ ግን ቁልፉ ያለ ጽሑፍ ይወጣል።

9. ሙከራ

ወደ መጀመሪያው ፍለጋ ተመለሱ። [ሀ-፼] ብላችሁ እንደገና ፈልጉ። ከስትሪንግ ፋይሉ፣ ከኮመንት፣ ወደ «ቱልስ» ከቀየራችሁት የውሸት ጽሑፍና ከማይግሬሽኑ ውጭ ምንም መምጣት የለበትም። ከመጣ ረስታችሁታል።

ከዚያ ቢልድ ፋይሉ ላይ ለዲበግ «ሱዶሎኬልስ ኢነብልድ» የሚለውን «ትሩ» አድርጉና ኢሙሌተሩን (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን የሙከራ ስልክ) ወደ እንግሊዝኛ ኤክስኤ፣ ለሙከራ ብቻ ወደተሠራው የውሸት ቋንቋ ቀይሩ። ከስትሪንግ ፋይል የሚመጣ ጽሑፍ በቅንፍ ታጥሮና ረዝሞ ይታያል። ቅንፍ የሌለው ጽሑፍ ካያችሁ እሱ አልወጣም። መርዘሙ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያችኋል፦ ስፋቱ በቁጥር የተወሰነ ቁልፍ ጽሑፉን ይቆርጠዋል። ስፋቱን «ራፕ ኮንቴንት» አድርጉት፣ ወይም ሁለት መስመር ፍቀዱለት።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ትእዛዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሩ። ኢንተርኔት አጥፍታችሁ የኤረር መልእክቱን እዩ። ምንም ትእዛዝ የሌለበትን ስክሪን እዩ። የሚቻል ከሆነ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ስልኩን ይያዝ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ የት ቆሞ እንደሚያስብ ልብ በሉ።

10. እንዳይመለስ መዝጋት፣ ፕሌይ ስቶር ላይም መጠንቀቅ

ቢልድ ፋይሉ ውስጥ «ሊንት» በሚለው ክፍል «ሃርድኮድድ ቴክስት» የሚለውን ወደ ኤረር ከፍ አድርጉት። ከማስጠንቀቂያነት ወደ ስህተት ሲቀየር አዲስ የሚቀላቀል ልጅ ሌይአውት ውስጥ ጽሑፍ ቢጽፍ ሊንት ያስቆመዋል።

አሁን ሰውን ሁሉ ግራ የሚያጋባው። አፑ በራሳችሁ ስልክ ላይ ቋንቋ በትክክል ይቀይራል። ፕሌይ ስቶር ላይ ካወጣችሁት በኋላ ግን አንድ ሰው አፑ ውስጥ ሶማሊኛ ሲመርጥ ምንም አይለወጥም፣ አማርኛው እንዳለ ይቀራል። ኮዳችሁ አልተበላሸም። አፕ በንድል (ወደ ፕሌይ ስቶር የሚላከው የአፑ ጥቅል) ስትልኩ ፕሌይ ስቶር ለስልኩ የሚያወርደው የስልኩን ቋንቋ ብቻ ነው። ስልኩ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሶማሊኛው ጨርሶ አልወረደም። አፑ ውስጥ የቋንቋ መምረጫ ካላችሁ ቢልድ ፋይሉ ላይ «በንድል» ውስጥ፣ «ላንጉጅ» ውስጥ፣ «ኢነብል ስፕሊት» የሚለውን «ፎልስ» አድርጉት። የአፑ መጠን በጥቂቱ ይጨምራል፣ ጽሑፍ ብዙ ቦታ አይወስድም።

ሲበላሽ

ኮዱ ሁሉ ቀይ ሆነ፣ «አር» የሚለው አይታወቅም ይላል። በአብዛኛው አንድ ስትሪንግ ፋይል ውስጥ ያልተዘጋ ምልክት ወይም ያለ \ የተጻፈ ጭረት አለ። የቢልዱን መልእክት ከላይ ጀምራችሁ የመጀመሪያውን ኤረር ብቻ አንብቡና ፍቱ፣ ሌላው ራሱ ይጠፋል። አንድሮይድ ስቱዲዮ «አንድሮይድ.አር» ኢምፖርት ላድርግ ካለ እምቢ በሉ። እሱ የሲስተሙ ነው፣ የእናንተ ስትሪንጎች እዚያ የሉም።

«ዱፕሊኬት» የሚል ኤረር። አንድ ስም በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ። ሁለት ሰው በሁለት ብራንች ሲሠራ መርጅ ላይ ይመጣል። አንዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ጽሑፋቸው አንድ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ አንዱን ስም ቀይሩ። ስም ስትቀይሩ በእጅ አይሁን፣ ሺፍት እና ኤፍ6 ተጫኑ፣ በየፋይሉ ያለውን አብሮ ይቀይረዋል።

በአንድ ቋንቋ ይሠራል፣ በሌላው ስክሪኑ ሲከፈት ይወድቃል። ሁለት ምክንያት ፈልጉ። ስትሪንጉ ሶማሊኛው ፎልደር ውስጥ ኖሮ ዲፎልቱ ውስጥ ከሌለ በአማርኛ ስልክ ይወድቃል። ወይም ተርጓሚው %1$ዲ የሚለውን ሲነካካ ፊደሉን ቀይሮታል፣ ወይም %3 ብሎ የሌለ ነገር ጠርቷል። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍታችሁ የፐርሰንት ምልክቶቹን ብቻ አስተያዩ።

ሁሉም ትክክል ነው፣ ስክሪኑ ግን የድሮውን ጽሑፍ ያሳያል። ሌይአውቱን ቀይራችሁ ሳለ ኮዱ ሲከፈት በላዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ እየጻፈበት ይሆናል። የዚያን ቪው መለያ ኮትሊን ፋይሎቹ ውስጥ ፈልጉ። እዚያም ካልተገኘ፣ ለሰፊ ስክሪን ወይም ለአግድም የተሠራ ሁለተኛ ሌይአውት እንዳለ እዩ፤ ስልኩን ስታጋድሙት ብቻ የሚመጣ የተረሳ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።